እርጅና እና ሲጋራ ማጨስ ለዓይን ሞራ ግርዶሽ እንዴት ያጋልጣሉ?

በኢትዮጵያ የዓይን ብርሃናቸውን ካጡ ሰዎች ግማሽ ያህሉን ለዚህ የዳረጋቸው የዓይን ሞራ ግርዶሽ መሆኑን፣ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2005 እና በ2006 የተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት አመልክቷል። ብዙ የተነገረለት ትራኮማ እንኳ በዚያ ጥናት ከሞራ ግርዶሽ እጅግ ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው።

ሞራ የሚለው ስም ብዙዎችን ያሳስታል። በዓይን ገጽ ላይ የበቀለ ስብ ወይም ሥጋ አይደለም። ከብሌን በስተጀርባ የሚገኘው፣ ብርሃንን ሰብስቦ በሬቲና ላይ የሚያሳርፈው ሌንስ ጥራቱን አጥቶ ሲደፈርስ የሚፈጠር ችግር ነው።

ሌንሱ ለምን ይደፈርሳል? ዋናው ምክንያት ዕድሜ ነው። ሌንስ የደም ሥር የለውም። በመሃሉ ያሉት ሕዋሳትም ብርሃን እንዳያግዱ ኒውክሊየሳቸውን ገና ቀድመው ስለሚያስወግዱ አዲስ ፕሮቲን መሥራት አይችሉም። ቆዳ ይታደሳል፣ ደም ይተካል፤ በሰባ ዓመት አዛውንት ሌንስ እምብርት ላይ ያለው ፕሮቲን ግን ከመወለዳቸው በፊት የተሠራው ራሱ ነው። ይህ ፕሮቲን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርና በሰውነት ውስጥ የሚፈጠሩ ኦክሲዳንቶች ለአሥርት ዓመታት ሲጎዱት ቅርጹን ያጣል፤ እርስ በርሱም እየተጣበቀ ብርሃንን ይበትናል። ጉዳቱን የሚከላከለው ግሉታታዮን የተባለ ንጥረ ነገርም ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ ይሄዳል።

ሲጋራ ይህንኑ ሂደት ያፋጥናል ተብሎ ይታመናል። ጭሱ በርካታ ኦክሲዳንቶችን ወደ ደም ያስገባል፤ የመከላከያ ንጥረ ነገሮችንም ያመነምናል። በትምባሆ ውስጥ የሚገኘው ካድሚየም የተባለ ብረትም በአጫሾች ሌንስ ውስጥ ተጠራቅሞ ተገኝቷል። በ1992 በአሜሪካ ወንድ ሐኪሞች ላይ የታተመ ጥናት፣ በቀን 20 እና ከዚያ በላይ ሲጋራ የሚያጨሱት ጨርሰው አጭሰው ከማያውቁት ይልቅ በሞራ ግርዶሽ የመያዝ ዕድላቸው በእጥፍ ያህል ከፍ ማለቱን አሳይቷል።

እርግጥ ነው፣ አጫሾች በሌላ የአኗኗር ልማዳቸውም ከማያጨሱት ሊለዩ ይችላሉ። ቢሆንም የሚጨሰው መጠን ሲበዛ አደጋው መጨመሩ፣ ማጨስ ሲቆም ደግሞ መቀነሱ ግንኙነቱን ያጠናክረዋል። ቅነሳው ግን ዝግ ያለ ነው። በ2014 የወጣ የስዊድን ጥናት፣ በቀን ከ15 ሲጋራ በላይ ያጨሱ ከነበሩ ወንዶች መካከል ካቆሙ 20 ዓመት ባለፋቸው ላይ እንኳ አደጋው ከማያጨሱት ጋር አለመስተካከሉን አመልክቷል።

በኢትዮጵያ በ2016 በተደረገ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙ አዋቂዎች 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ በአገሪቱ ያለውን የሞራ ግርዶሽ ብዛት በሲጋራ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። በሕንድና በኔፓል የተደረጉ ጥናቶች መስኮት በሌለው ማዕድ ቤት በማገዶና በኩበት የሚያበስሉ ሴቶችም ለችግሩ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይተዋል። ሲጋራ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ፣ ግን ዕድሜያቸውን ከምድጃ ሥር ያሳለፉ እናቶች በምሥራቅ አፍሪካ ስንት እንደሆኑ መገመት አያዳግትም።

ሕመሙ አያቆስልም፣ ዓይንንም አያቀላም። እይታ ይደበዝዛል፣ ቀለማት ይፈዝዛሉ፣ በሌሊት የመኪና መብራት ዓይን ይወጋል። አንዳንድ ጊዜም እንግዳ ነገር ይከሰታል፦ ለዓመታት ያለ መነጽር ማንበብ ያቃታቸው አዛውንት በድንገት መነጽራቸውን አስቀምጠው ዳዊት መድገም ይጀምራሉ። ቤተሰቡ ዓይናቸው እንደዳነ ቆጥሮ ይደሰታል። ብዙውን ጊዜ ግን ይህ የሌንሱ እምብርት እየጠጠረ መሆኑን የሚያሳይ ነው፤ ከማጨስ ጋር ይበልጥ የተያያዘውም የሞራ ዓይነት ይኸው የእምብርቱ ነው።

የደፈረሰን ሌንስ የሚያጠራ ጠብታም ሆነ ክኒን እስካሁን የለም። ሕክምናው ቀዶ ጥገና ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ዓይንን ብቻ በማደንዘዝ ሌንሱ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። “ሞራው እስኪበስል ጠብቁ” የሚለው የቆየ ምክር ዛሬ አይሠራም። ሌንሱ በጠጠረ ቁጥር ቀዶ ጥገናው ይከብዳል፤ አብጦ የዓይንን ግፊት ከጨመረም የማየት ነርቭን ይጎዳል፤ ያን ጉዳት ደግሞ ቀዶ ጥገና አይመልሰውም።