ከወረኢሉ እስከ ጅዳ፦ የስንቅ ነገር

የወሎ ታሪክ በእህል በኩል ሲጻፍ ወሎ ሁልጊዜ ተቀባይ ነው። የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ መንግሥት የሸሸገውን ረሀብ ለዓለም ካሳየ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የእርዳታው ስንዴ ከጎረፈ ወዲህ የአገሬው ስም ከጆንያ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። እኔ ላነሣ የፈለግሁት ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሚጓዘው እህል ነው፤ የሐይቅና የአምባሰል እናቶች ጅዳ፣ ቤይሩትና ዱባይ ላሉ ልጆቻቸው ስለሚልኩት ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮና በርበሬ።

ነገሩ ሥር አለው። አምባሰልን ከተሜው በቅኝቱ ያውቀዋል እንጂ፣ በአንቀጽ 17 ሳቢያ ከጣልያን ጋር ያጣላን ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው እዚያው አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ መሆኑን ስንቱ ያስታውሳል? ጠቡ ወደ ጦርነት ሲያመራ ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ባስነገሩት የክተት ዐዋጅ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት አጋማሽ ወረኢሉ እንዲከት አዘዙ። ወረኢሉም ወሎ ነው። ያ ሠራዊት በአመዛኙ ስንቁን ከየቤቱ ይዞ ነበር የዘመተው። የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን የጦር አበጋዞቹን ስም ይዘረዝራሉ፤ በሶውን የፈጨችው ሴት ግን አንድ መስመር እንኳ አልደረሳትም።

የእሷ ሙያ ግን ዛሬም አለ። እንጀራው ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ይቀላል፣ አይሻግትም፤ ገብሱ ተቆልቶ ሲፈጭ በውኃ ብቻ ይበጠበጣል፣ እሳት አይጠይቅም። ለዘማች የታሰበው ይህ ዘዴ ሻንጣ በኪሎ ለሚመዘንበት ዘመን የተፈጠረ ይመስላል። እሳት አለመጠየቁም ቀላል ነገር አይደለም፤ ልጅቱ ቀኑን ሙሉ የምታበስልበት ወጥ ቤት የእሷ አይደለምና። አውሮፓ ላሉት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ የአውሮፓ ኅብረት መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ከውጭ ይዞ እንዳይገባ ስለሚከለክል ቋንጣውና ቅቤው ጉምሩክ ላይ ይቀራሉ።

ዋናው ልዩነት ግን ወዲህ ነው። ዘማቹም ሆነ የሐጅ ተጓዡ ስንቁን ይዞ የሚሄደው ሊመለስ ነበር። አሁን ስንቁ ተጓዧን እየተከተለ ይሄዳል። በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ በመሆኑ፣ ለዒድ ወይም ለፋሲካ ደርሼ ልምጣ ማለት በእጇ አይደለም፤ ስለዚህ በዓሉ ራሱ በሻንጣ፣ በሌላ መንገደኛ እጅ በአደራ ይላክላታል። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥታችን ለሥራ ወደ ውጭ መሄድን አገደ፤ በዚያው ወር ሳዑዲ ዐረቢያ የማባረር ዘመቻዋን ጀመረች፣ በጥቂት ወራትም ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመለሰ። እገዳው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ በጅቡቲና በየመን በኩል ተደብቃ ለሄደችው ስንቅ በየትኛው አድራሻ ይላካል?

መቼም መንግሥታት ሁሉ ሐዋላውን መቁጠር ይወዳሉ። የገባው ሪያል በዶላር ተመንዝሮ ለሪፖርት ይቀርባል፤ የወጣውን ድርቆሽ የመዘገበ ግን የለም። ጤፉ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ልጅቱ በላከችው ገንዘብ ነው። እናት ትጋግራለች፣ ታደርቃለች፣ በፌስታል ጠቅልላም የሚሄድ ሰው ታፈላልጋለች።