ከበደ ሚካኤል፦ ለወጣቶች በግጥም ታሪክ የተረኩ ደራሲ

ደራሲና ባለቅኔ ከበደ ሚካኤል የተወለዱት በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ በምትገኘው ገርም ገብርኤል ነው። ዘመናዊ ትምህርታቸውን በአዲስ አበባ በፈረንሳይኛ ቋንቋ ተከታትለዋል።

ከነፃነት በኋላ በትምህርት ሚኒስቴርና በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በኃላፊነት አገልግለዋል። በዚያን ወቅት ለተማሪዎች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ጥቂት ስለነበር፣ «ታሪክና ምሳሌ» የተሰኙት ተከታታይ ሥራዎቻቸው ክፍተቱን ለመሙላት ረድተዋል። በእነዚህ መጻሕፍት የኤዞፕና የላ ፎንቴን ተረቶች የአማርኛን ለዛ ይዘው በግጥም ቀርበዋል። ገጸ ባሕርያቱ ይከራከራሉ፤ ድርጊቱ ፍጻሜውን ያገኛል፤ ምክሩም ከታሪኩ ይከተላል። ቤት የሚመታው አጭር ስንኝ በቃል ለመያዝ የሚመች በመሆኑ፣ መጽሐፍ ያልነበረው ተማሪም ከጓደኛው ሰምቶ ሊያጠናው ይችል ነበር።

ደራሲው በዕድሜ ከፍ ላሉ አንባብያን «የትንቢት ቀጠሮ» እና «አኒባል» የተሰኙ የግጥም ተውኔቶችን የደረሱ ሲሆን፣ የሼክስፒርን «ሮሚዮና ዡልዬት» በአማርኛ ግጥም አቅርበዋል። «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የተሰኘው የስድ ንባብ ሥራቸው ደግሞ የአገር ዕድገት በትምህርት እንደሚመጣ ያስገነዝባል።

እ.ኤ.አ. በ1964 በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሸላሚ ሆነዋል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ግን መኖሪያ ቤታቸው ተወርሶ፣ ትውልድን ያስተማሩት ደራሲ የእርጅና ዘመናቸውን በሆቴል ለመግፋት ተገደዋል። በኋላም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል።

ከበደ ሚካኤል ኅዳር 3 ቀን 1991 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በትምህርት ቤት የተጠኑት ግጥሞቻቸው ግን ዛሬም በብዙዎች ቃል ይነገራሉ።