ባሌስትራና ዋልካ፦ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና በምሥራቅ ጎጃም

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው ሉማሜ በተጓዥ ዓይን ስትታይ አረፍ ተብሎ የምትታለፍ ትንሽ ከተማ ናት። ለመካኒክ ግን ሁለት የማይስማሙ መሬቶች የሚዋሰኑባት ሥፍራ ናት። ወደ ደጀን ተመልሶ ወደ ዓባይ የሚወርደው መንገድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ይምዘገዘጋል፤ እስከ ብቸናና ሞጣ የተዘረጋው ደጋ ደግሞ ጥሩ ጤፍ የሚያበቅል፣ ክረምት ሲገባ ግን እንደ ሊጥ የሚያጣብቅ ዋልካ የበዛበት ነው። ለዋልካው እንዲመች ተብሎ የተለወጠ መኪና ለገደሉ አይመችም። የምሥራቅ ጎጃም የመኪና ታሪክ በአብዛኛው የዚህ አለመስማማት ታሪክ ነው።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሊ የተሰኘውን መኪና ከጅቡቲ አዲስ አበባ አድርሶ ለዳግማዊ ምኒልክ ሲያቀርብ፣ መኪና ያለ መንገድ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ መውጣት መቻሉ ታየ። መቻሉ እንጂ መጥቀሙ ግን ገና አልታየም ነበር። ጎጃም ውስጥ ፈተናው ጎልቶ የታየው በ1933 ዓ.ም. ነው። ጥር 12 ቀን ኦሜድላ ላይ ወደ አገራቸው ምድር የገቡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በላያ የደረሱት ጥር 29 ቀን ነበር። አብረው የተነሡት ጭነት መኪኖች ለመንገድ የተሠሩ ስለ ነበሩ ዱሩና ድንጋዩ ክፉኛ አንገላታቸው፤ የሠራዊቱ ስንቅና ጥይት በብዛት የተጓዘው በግመል ጀርባ ሲሆን፣ ግመሎቹም በሺህ እየተቆጠሩ በመንገድ አለቁ። መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ሲገባ፣ በጎጃም ምድር የሚሄድ መኪና ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ያየ ሁሉ ሳይማር አልቀረም።

መልሱ የመጣው ከጦርነቱ ራሱ ነው። አራቱም እግሮቹ የሚጎትቱት የአሜሪካው ጂፕ በዓለም ጦር ሜዳዎች ታወቀ። ከጦርነቱ በኋላ የሮቨር ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ በእርሻው ላይ ይገለገልበት ከነበረው አሮጌ ጂፕ ሐሳብ ወስዶ ላንድሮቨርን አስጀመረ። መኪናው በሚያዝያ 1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም ለሕዝብ ታየ። በዘመኑ በእንግሊዝ አገር የብረት እጥረት ስለ ነበረ አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ በሻንሲውና በአክሱ መካከል ያለው ግን እንደ ጋሪ ዘመን የተደራረበ የብረት ቅጠል፣ ማለት ባሌስትራ ነበር። ጎማው 6.00 በ16 ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ይገባል። ባሌስትራ በጣሊያንኛ ጥንት ቀስት ይወረወርበት የነበረው መሣሪያ ስም ነው፤ ቅርጹን ያየ ሰው ምክንያቱን ለመገመት አይቸገርም። ሞላ፣ አሞርዛቶር፣ ቸርኬ፣ ካላማዳሪ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን ሁሉ ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። ወራሪው በአምስት ዓመት ወጣ፤ የጋራዡ ቋንቋ ግን ቀረ። ላንድሮቨር ከእንግሊዝ፣ ላንድክሩዘር ከጃፓን ቢመጣም፣ ሲሰበር የሚጠገነው በጣሊያን ስም ነው።

በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ለመንገድ የሚሆን 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተገኝቶ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ይሁን እንጂ አውራው ጎዳና ቢጠገንም ከእርሱ የሚወጣው ቅርንጫፍ ገና ነበር። የወባ ማጥፋት ድርጅት ሠራተኛ፣ ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም. የዓባይን ተፋሰስ ያጠና ባለሙያ፣ የአውራጃ ሹም፣ ሁሉም ከዋናው መንገድ ሲወጡ ያው ዋልካ ይጠብቃቸዋል። (የሚመጣው መኪና ሁሉ በእልልታ አልተጠበቀም። በ1960 ዓ.ም. የሞጣና የብቸና ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅ፣ ከሚጠላቸው አንዱ ግብር ገማቹ ነበር።)

መኪናውን መለወጥ የተጀመረው ከዚህ ችግር ነው። በሌላው ዓለም ባሌስትራ ማጠንከርና ጎማ ማሳደግ የስፖርት ጉዳይ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የጭነት ጉዳይ ነው። ለሰባትና ለስምንት ሰው የተሠራ መኪና አሥራ አምስት ሰውና የእህል ጆንያ ሲሸከም ባሌስትራው ይረግባል፤ ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ይጨመርለታል። ሥራው ፍም፣ መዶሻና ልምድ ካለ የሚሠራ ነው። መኪናው ቀና ይላል፤ ባለንብረቱም ይደሰታል።

ነገር ግን ባሌስትራ ሲጠነክር መኪናውን ከፍ የሚያደርገው ከሻንሲው ጀምሮ ወደ ላይ ነው። ድንጋይ የሚነካው ዲፈረንሻል እንደ ነበረ ይቀራል። እርሱን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው፤ ከ6.00 ወደ 7.50 በ16 መለወጥ አክሱን 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል። ከዚህም ሌላ የጠነከረ ባሌስትራ ስለማይታጠፍ፣ አንዱ እግር ጉድጓድ ሲገባ ሌላው አየር ላይ ይቀራል፤ አየር ላይ የቀረ ጎማ ደግሞ በከንቱ እየተሽከረከረ የሌላውንም ጉልበት ያባክናል። መኪናው ባዶውን ሲሄድ ይዘላል። በቃሬዛ ከገጠር ወጥታ ከኋላው ወንበር ላይ የተጋደመች ወላድ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ለጆንያው ሲባል የጠነከረው ባሌስትራ የሚመታው እርሷን ነውና።

የጎማው ስፋት ክርክርም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ዝናብ ላዩ ረጥቦ ውስጡ ደረቅ በሆነ ጊዜ ጠባብ ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ጠንካራውን ይይዛል። በነሐሴ ግን ዋልካው እስከ ውስጡ ስለሚርስ ጠባቡ ጎማ እየሰመጠ አክሱ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ሰፊው ይሻላል፤ ጥርሱ በጭቃ ሲሞላ ግን እርሱም እንደ ለሰለሰ ጎማ ይንሸራተታል። ከጎማው ነፋስ ጥቂት ማስተንፈስ ከብዙ ወጪ ይልቅ ይጠቅማል፤ ችግሩ ወደ ጠጠር መንገድ ሲመለሱ በእጅ ፖምፓ እንደገና መንፋት ነው፤ ይህንንም ብዙ ሹፌር ይተወዋል።

ከሁሉ የከፋው ዋጋ የሚከፈለው ዓባይ ላይ ነው። ጎማው ከመቶ 11 ያህል በከፍታ ሲጨምር ማርሹ ሁሉ በዚያው ልክ ይቀላል፤ በከባድ ማርሽ ቁልቁል ሲወረድ የሞተሩ መያዝ ይቀንሳል፤ ፍሬኑም እንዲሁ። የፍጥነት መለኪያው ደግሞ ከእውነቱ አሳንሶ ያሳያል። በዚህ ላይ ከፍ ብሎ የተጫነ መኪና በጥምዝምዙ ላይ ወደ ጎን ያዘነብላል። በሞጣ መንገድ የተመሰገነው ለውጥ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ አደጋ ይሆናል፤ አንድ መኪና ለሁለቱም መሬት ማገልገል ስላለበት ምርጫው ለባለንብረቱ ቀላል አልነበረም። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተከፍቶ ወንዙን መሻገር ቢቀልም፣ ቁልቁለቱ ያው ነው፤ ምድሩም እየተንሸራተተ መንገዱን ማስቸገሩን አልተወም።

ፋብሪካዎቹ በበኩላቸው ወደ ሞላ አዘነበሉ። ሬንጅሮቨር በ1962 ዓ.ም. በአራቱም እግሩ ሞላ ይዞ ወጣ፤ ላንድሮቨርም በ1975 ዓ.ም. ተከተለው። ሞላ ይበልጥ ስለሚታጠፍ አራቱም ጎማዎች መሬት ይይዛሉ፤ ተሳፋሪውም ያርፋል። ለከባድ ሥራ የተመደበው ላንድክሩዘር ግን እስከ 1991 ዓ.ም. ማለቂያ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ ቆየ፤ ከዚያ በኋላም ሞላ የተደረገለት ከፊት ብቻ ነው። ገጠር የሚሠራ ባለሙያ በዚህ አልተከፋም። የተሰበረ የባሌስትራ ቅጠል በትንሽ ከተማ ጋራዥ ከአሮጌ መኪና በተወሰደ ቅጠል ተተክቶ መኪናው በማግስቱ ሊነሣ ይችላል። የተሰበረ ሞላ ግን በመዶሻ አይሠራም፤ ከደብረ ማርቆስ ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል።