ገቢና ወጪ፦ የአክሲዮን ገበያ መልእክት አጭር ታሪክ

የአክሲዮን ገበያ ሲባል በብዙዎቻችን ዓይነ ሕሊና ቀድሞ የሚመጣው ደወል ነው። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በአዲስ አበባ ሲከፈትም ደወል ተደውሏል፤ ወጋገን ባንክም በገበያው የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ኩባንያ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ የተጻፈውን ሳነብ ክርክሩ ሁሉ ማን ይሸጣል፣ ማን ይገዛል፣ የውጭ ባለሀብት ይግባ ወይስ አይግባ በሚሉት ዙሪያ ሲሽከረከር አያለሁ። ተገቢ ክርክር ነው። ነገር ግን አንድ ሰው «ግዛልኝ» ያለው ቃል ከደላላው ቢሮ ተነሥቶ ገበያው ዘንድ እስኪደርስ በምን መንገድ እንደሚሄድ፣ በመንገድ ቢጠፋስ የማን ቃል እንደሚታመን ሲጠየቅ አልሰማሁም። ሌላው ዓለም ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲታገለው የኖረ ጥያቄ ነውና ዛሬ ታሪኩን ላውጋችሁ። (በውጭው ዓለም ለሆነው ሁሉ የምጠቅሰው ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ባንኮች የራሳቸውን ችግር ቀደም ብለው ፈትተው ነበር። በ1973 ከ15 አገሮች የተሰባሰቡ 239 ባንኮች በብራስልስ ስዊፍትን መሠረቱ፤ በ1977 መልእክት ማስተላለፍ ጀመረ፤ ቴሌክስም ቀስ በቀስ ቦታውን ለቀቀ። በአክሲዮን ንግድ ግን እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ዋናው መሣሪያ ስልክ ነበር። ደላላው ለታላቁ ገንዘብ አስተዳዳሪ ይደውልና «ይህን ያህል አክሲዮን የሚሸጥ ደንበኛ አለኝ» ይላል፤ ስልኩን ያነሣው ሰው በቁራጭ ወረቀት ይጽፋል፤ ወረቀቱ ለሚመለከተው ነጋዴ ይደርሳል፣ ለማይመለከተው ይደርሳል ወይም ጭርሱን አይደርስም። የሚጠፋው ወረቀት ብቻ አልነበረም፤ ዋጋውም አብሮ ይጠፋ ነበር።

በ1992 የቦስተኑ ፊዴሊቲ እና የኒው ዮርኩ ሳሎሞን ብራዘርስ ይህን በኮምፒውተር ለመተካት ተስማሙ። ሥራውን የጀመሩት የፊዴሊቲው ሮበርት ላሙሩ እና የሳሎሞኑ ክሪስ ሞርስታት ናቸው። ፋይናንሻል ኢንፎርሜሽን ኤክስቼንጅ፣ በአጭሩ ፊክስ የተባለው የመልእክት ሕግ የተወለደው ከዚህ ስምምነት ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው፣ ሁለቱ ድርጅቶች ሕጉን ቆልፈው ለመሸጥ አለመሞከራቸውን ነው። በ1995 ለሕዝብ ይፋ ሆነ፤ ማንም ወስዶ ሊሠራበት ቻለ። ጽድቅ ፈልገው ነው ብዬ አላምንም። እያንዳንዱ ደላላ የራሱን ቋንቋ ቢፈጥር የገንዘብ አስተዳዳሪው ጠረጴዛ የባቢሎን ግንብ ይሆን ነበር፤ ቋንቋው የማንም ሲሆን ግን ሁሉም ይነግድበታል። የግል ጥቅም የጋራ ሀብት ከፈጠረባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ይመስለኛል።

መልእክቱ ራሱ ሲታይ እጅግ ተራ ነው፤ ቁጥር፣ የእኩል ምልክት፣ ዋጋ፤ ደግሞ ቁጥር፣ የእኩል ምልክት፣ ዋጋ። በ35 ቁጥር የመልእክቱ ዓይነት ይገለጻል፤ በ55 የአክሲዮኑ ምልክት፣ በ54 ግዢ ወይም ሽያጭ መሆኑ፣ በ38 ብዛቱ፣ በ44 ዋጋው። 49 የላኪውን ስም፣ 56 የተቀባዩን ስም ይይዛል። በመጨረሻ 10 ቁጥር ይመጣል፤ ከእርሱ በፊት ያሉት ባይቶች ሁሉ ተደምረው ለ256 ሲካፈሉ የሚተርፈውን ይይዛል። ተቀባዩ ያንኑ ስሌት ሠርቶ ካልገጠመለት መልእክቱ በመንገድ ተበላሽቷል ማለት ነው።

የሁሉም ቁልፍ ግን 34 ቁጥር ነው፤ የመልእክቱን ተራ ቁጥር የሚይዘው። ይህን ለመረዳት የኮምፒውተር ትምህርት አያስፈልግም፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤትን ማስታወስ ይበቃል። የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ የወጪ ቁጥር ይመታበታል፤ የሚገባውም በገቢ ደብተር ይሰፍራል። በፊክስም እንዲሁ ሁለቱ ወገኖች እያንዳንዳቸው ሁለት ቁጥር ይይዛሉ፤ የላኩትን የመጨረሻ ቁጥርና ከወዲያኛው ወገን ቀጥሎ የሚጠብቁትን። 512ን ሲጠብቅ 530 የደረሰው ሰርቨር ዝም አይልም፤ «ከ512 እስከ 529 ያሉትን ድገምልኝ» የሚል ጥያቄ ይልካል። በተቃራኒው ከሚጠበቀው ያነሰ ቁጥር፣ የተደገመ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ሳይኖረው ቢመጣ ግንኙነቱን ይቆርጣል፤ ከሁለቱ አንዱ የማስታወስ ችሎታውን አጥቷልና። የሚላክ ነገር በሌለበት ሰዓት እንኳ፣ ብዙ ጊዜ በየ30 ሴኮንዱ፣ «አለሁ» የሚል ባዶ መልእክት ይለዋወጣሉ። ባለሙያዎቹ የልብ ምት ይሉታል።

ይህን ሁሉ የሚያከናውነው ሶፍትዌር የፊክስ ሞተር ይባላል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኩዊክፊክስ የተሰኘው ነፃ ሶፍትዌር ብቅ ካለ በኋላ አነስተኛ ድርጅት እንኳ ሞተር ሳይገዛ ሰርቨር መትከል ቻለ። የሚጻፈው የማዋቀሪያ ፋይል ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ የራስህ ስም፣ የወዲያኛው ስም፣ አድራሻና ፖርት፣ የልብ ምቱ ርቀት፣ ግንኙነቱ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓት፣ መልእክቶቹ የሚቀመጡበት ማኅደር፣ የየትኛው እትም መዝገበ ቃላት እንደሚሠራበት። እትሙ ብዙ ነው፤ 4.2 በ2000፣ 4.4 በ2003፣ 5.0 በ2006 ወጡ፤ ገበያዎችም በቀላሉ ወደ አዲሱ አይሻገሩም። ከዚህም ሌላ ከ5000 እስከ 9999 ያሉት ቁጥሮች ለተጠቃሚው የተተዉ በመሆናቸው እያንዳንዱ ገበያ የራሱን ቀበልኛ ፈጥሯል። አንድ ቋንቋ ነው የተባለው ሁሉ ሲቀርቡት ዘዬ አለው።

ፋይል መጻፉ ቀላል ነው፤ ፈተናው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግንኙነቱ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ተቋርጦ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ተመለሰ እንበል። ቁጥሮቹ አልገጠሙም፤ ሰርቨሩ ያለፉትን ይጠይቃል፤ ድግግሞሹም በሆነ ምክንያት አልሠራም። ስልኩ ያንቃጭላል፤ አለቃው ከጀርባ ቆሟል። በዚህ ሰዓት አስተዳዳሪውን የሚፈታተነው፣ በሁለቱም በኩል ቁጥሩን ወደ 1 መመለስ ነው። እንዲህ ሲደረግ ግንኙነቱ ወዲያው ይነሣል፤ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፤ አለቃውም ይሄዳል። ያልደረሱት 18 መልእክቶች ግን በዚያ መንገድ ተመልሰው አይመጡም። ከእነርሱ አንዱ «የጠየቅኸው 10 ሺህ አክሲዮን ተገዝቷል» የሚል ቢሆንስ? ድርጅቱ አልገዛሁም ብሎ ሁለተኛ ያዝዛል። የቢሮክራሲያችንን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የጎደለውን ደብዳቤ ከመፈለግ አዲስ ደብተር መክፈት ይቀላል።

መድገምም የራሱ መዘዝ አለው። የጠፋው መልእክት የግዢ ትእዛዝ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ መላክ በሞተ ዋጋ መግዛት ነው። ስለዚህ ሕጉ፣ ላኪው ያረጀውን ትእዛዝ ትቶ በቦታው «ይህን ቁጥር ዝለለው» የሚል መልእክት እንዲልክ ይፈቅዳል። የትኛው ይደገም፣ የትኛው ይዘለል የሚለውን ግን ፕሮቶኮሉ አይወስንም፤ የሰው ፍርድ ነው፤ ፍርዱም አስቀድሞ፣ በቀዝቃዛ ጭንቅላት መጻፍ አለበት።

ሳይጻፍ ሲቀር ምን እንደሚሆን የ2012ቱ የናይት ካፒታል ታሪክ ያሳያል። ናይት ከአሜሪካ ታላላቅ የአክሲዮን አገናኞች አንዱ ነበር። የኒው ዮርክ አክሲዮን ገበያ ነሐሴ 1 ለሚጀምረው አዲስ አሠራር የተዘጋጀውን ሶፍትዌር ትእዛዝ በሚያሠራጩት 8 ሰርቨሮቹ ላይ መጫን ጀመረ። ባለሙያው በሰባቱ ጫነ፤ ስምንተኛው ተረሳ። ሁለተኛ ሰው እንዲያየው የሚያስገድድ የጽሑፍ ደንብ አልነበረም። በዚያ በተረሳው ሰርቨር ውስጥ ከ2003 ጀምሮ ያልተሠራበት፣ ነገር ግን ያልተሰረዘ፣ ፓወር ፔግ የተባለ አሮጌ ፕሮግራም ተኝቶ ነበር፤ አዲሱ ሶፍትዌር ደግሞ ያንን አሮጌ ፕሮግራም ይቀሰቅስ የነበረውን ምልክት ለሌላ ተግባር አውሎታል። ገበያው ሲከፈት 212 የደንበኞች ትእዛዞች ወደ ስምንተኛው ሰርቨር ገቡ፤ አሮጌው ነቃ፤ ትእዛዙ መሞላቱን የሚያውቅበት ክፍል በ2005 ከቦታው ተዛውሮ ነበርና መቼ እንደሚያቆም አያውቅም። በ45 ደቂቃ ውስጥ በ154 ኩባንያዎች አክሲዮን 4 ሚሊዮን ግብይት ፈጸመ። ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ።

ሦስት ነገር አስደንቆኛል። የወጡት ትእዛዞች ሰዋስዋቸው የተስተካከለ ነበር፤ ገበያዎቹም ተቀበሏቸው። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ስሕተቱን የሚጠቁሙ 97 ኢሜይሎች ከራሱ ሥርዓት ወጥተው ለሠራተኞች ደርሰው ነበር፤ እንደ ማስጠንቀቂያ አልተቆጠሩም። በጭንቁ ሰዓትም ባለሙያዎቹ አዲሱን ሶፍትዌር በትክክል ከተጫነባቸው ከሰባቱ ሰርቨሮች አነሡት፤ ያን ጊዜ አሮጌው በሁሉም ላይ ነቃ። በጥቅምት 2013 ተቆጣጣሪው ኮሚሽን ድርጅቱን 12 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው፤ ናይት ግን ከዚያ በፊት ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋሕዶ ነበር።

ወደ አገራችን ልመለስ። በንጉሡ ዘመን በአዲስ አበባ በብሔራዊ ባንክ ጥላ ሥር አክሲዮን የሚያገበያይ ቡድን ነበር፤ ከአብዮቱ ጋር አከተመ። በ2000 ዓ.ም. የተከፈተው የምርት ገበያ በቀለማት በተለያዩ ጃኬቶች፣ በጩኸትና መዳፍ ለመዳፍ በመማታት ጀመረ፤ ወደ ኤሌክትሮኒክ ግብይት የተሻገረው ከዓመታት በኋላ ነው። መዳፍ ለመዳፍ ሲማቱ ቢያንስ ምስክር አለ። ገመድ ውስጥ የገባ ቃል ምስክሩ የሁለቱ ወገን መዝገብ ብቻ ነው።

ለውጥን በምን ያህል ጥንቃቄ እንደምናስተዳድር የሚያመለክት ክስተት ቅርብ ነው። ከመጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በሥርዓት ማሻሻያ ላይ በተፈጠረ ችግር ሰዎች ከሌላቸው ሒሳብ ገንዘብ አወጡ፤ ባንኩ ኋላ እንዳስታወቀው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር፤ አብዛኛውም ተመልሷል። ተማሪ የማስተምር ሰው ነኝና የዚያን ሰሞን ወሬ ከቅርብ ሰምቻለሁ፤ የተነገረው ሁሉ ስለ ተማሪዎች ሥነ ምግባር ነበር። ያን ሌሊት የተለወጠው ምን ነበር፣ ማን ፈተሸው፣ ሁለተኛ ሆኖ የፈረመውስ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከዚያ ጫጫታ ሥር ተቀበረ።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1248 የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን አቋቁሟል። ደላሎችን ፈቃድ ሲሰጥ የካፒታላቸውን መጠን ይጠይቃል፤ መልካም። እኔ ደግሞ አብሮ እንዲጠየቅ የምመኘው ይህ ነው፦ በአንድ ደላላ ቢሮ መብራት ወይም ኢንተርኔት በሄደበት ሰዓት ቁጥሩን ወደ 1 የመመለስ ሥልጣን ያለው ማን ነው? ሲመልሰውስ የት ይፈርማል? የአንድ ጡረተኛ ትእዛዝ «አልደረሰንም» ቢባል፣ ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ዘርግቶ የሚያነብለት የትኛው ቢሮ ነው?