ጨጓራ ተብሎ የሚጻፍ ሕመም

ወዳጆች፣ እዚህ አሶሳ ታሪክ ሳስተምር ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ድባቴ የያዘው መምህር የሕመም ፈቃድ ሲጠይቅ ወረቀቱ ላይ «ጨጓራ» ወይም «ታይፎይድ» እንዲጻፍለት ይለምናል። «አእምሮ» የሚል ቃል ከገባማ «አበደ» መባሉ ነው። እሱን አልፈርድበትም፤ ሕጋችንም እሱን ለማየት ዘግይቷል።

በ1963 ዓ.ም. የወጣው ትዕዛዝ ቁጥር 70 የሚያውቀው በአካል ወይም በአእምሮ ጤና ጉድለት እንጀራውን ማግኘት ያቃተውንና ጧሪ የሌለውን ሰው ነበር። ታሞም እየሠራ ያለው እዚያ ውስጥ የለም። በ1986 አዋጅ 101 የሥራ መብትን አመጣ። ግን የዘረዘረው ማየት፣ መስማትና መናገር የተሳናቸውን፣ የእጅና የእግር ጉዳተኞችንና የአእምሮ ዝግመትን ነው። ድባቴ አልተጠቀሰም። በ2000 የወጣው አዋጅ 568 ግን «የአእምሮ ጉዳት» ብሎ በግልጽ አስገባ፤ አሠሪውም የሥራውን ሁኔታ እንዲያመቻች ግዴታ ጣለበት።

ገንዘቡስ? በ2003ቱ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ 714 መሠረት በጤና ምክንያት ከሥራ የሚሰናበት ሰው 10 ዓመት ካገለገለ የዕድሜ ልክ አበል፣ ካላገለገለ ዳረጎት ያገኝ ነበር። ሥራ ላይ እያለ ዳረጎት ይከፈል የነበረው ጉዳቱ በሥራ የመጣና ቢያንስ 10 በመቶ ከሆነ ነበር። ከዚያ ውጪ የነበረው የሕመም ፈቃድ ብቻ ነበር። በፌዴራሉ አዋጅ 515/1999 ፈቃዱ 3 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ 3 ወር ግማሽ፣ 2 ወር ደግሞ ያለ ደመወዝ ነበር። እኛ መምህራን በክልል ሕግ ስለምንተዳደር የራሳችንን የሰው ሀብት ቢሮ መጠየቅ አለብን።

አሁን ወደ ጨጓራው ልመለስ። ከ2011 ወዲህ በመተከልና በካማሺ ስንት መምህር ምን እንዳየ እናውቃለን። እግሩ የተሰበረ ራጅ ያሳያል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን ያሳያል? ያለው ማስረጃ የሐኪሙ ወረቀት ነው። እሱ ላይ «ጨጓራ» ከተባለ፣ ነገ ሕመሙ ሲጠና ቦርድ ፊት ይዞት የሚቀርበው ነገር የለውም። ሥራው እንዲመቻችለት ለመጠየቅም አፍ አያገኝም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ እውነተኛው ስም ይጻፍላችሁ። ርዕሰ መምህራን ደግሞ አደራ፣ ያ ወረቀት የሻይ ቤት ወሬ አይሁን። ሰው ስሙን የሚደብቀው ስለምንስቅበት ነው።

ሰላም ዋሉ።