«ድፍረት»፦ ከአርሲ ምድር ወደ ፊልም ድርሰት

ሁሩታን ባቀፈው በአርሲ ምድር፣ እ.ኤ.አ. በ1996 አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ተጠለፈች፤ ስታመልጥም ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት፤ ራስን የመከላከል መብቷ ተጠብቆም ነጻ ወጣች። የቀድሞው ሕግ ተጠላፊዋን ያገባ ጠላፊ ከቅጣት እንዲያመልጥ ይፈቅድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘጋው።

ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ከዚህ ታሪክ «ድፍረት» የተሰኘውን ፊልም ደረሰ፤ አዘጋጀም። ቃሉ ጀግንነትንም፣ መደፈርንም ያዘለ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት የአዲስ አበባው የምረቃ ትርኢት ግን ባለታሪኳ ባቀረበችው አቤቱታ በፍርድ ቤት ለጊዜው ታገደ።

እንግዲህ ጎጂ ልማድን ለመታገል ብዕሩን የሚያነሣ ደራሲ ሁለት ዕዳ አለበት፤ አንዱ ለኅብረተሰቡ ንቃት፣ ሌላው ቁስሉ ለሆነው ሰው ፈቃድ።