የሰው አድራሻ

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ። ሰውየው የጉለሌ ልጅ ነው፣ የፊዚክስ አስተማሪ። ስሙን ተዉት፤ የእሱ ቢጤ በየሰፈሩ ስላለ እናንተው ታውቁታላችሁ።

በ1997 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ከክፍል እንደወጣ ነጭ ጋውኑን አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ፒያሳ ወረደ። «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ኢንተርኔት ቤት ገባ። ያን ጊዜ ዲቪ፣ የአሜሪካኖቹ የቪዛ ዕጣ፣ በኮምፒውተር መሞላት ከጀመረ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት ፎቶህን ወረቀት ላይ ለጥፈህ፣ በፖስታ ልከህ፣ ደረሰ አልደረሰ እያልክ ነበር የምትከርመው። ያኔ አሜሪካኖቹ ለመሙያው አምስት ሳንቲም አይጠይቁም ነበር፤ የሚያስከፍለው ኢንተርኔት ቤቱ ነበር።

«አድራሻ?» አለችው ልጅቷ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሣ።

«ጉለሌ፣ ቀበሌ...»

«ኧረ ወንድሜ፣ ቀበሌ ምን ያደርግላቸዋል? ፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው የምልህ!»

እንግዲህ ያኔ የእኛ አገር ፖስታ በየቤቱ እየዞረ አያንኳኳም ነበር። ደብዳቤ የሚደርሰው ሳጥን ለተከራየ ነበር። አስተማሪው ሳጥን የለውም። ትንሽ አሰበና የትምህርት ቤቱን ቁጥር ሰጣት።

ግንቦት ላይ የመዝገብ ቤቷ እትዬ ከፖስታ ቤት ስትመለስ ከኬንታኪ የመጣ ወፍራም ፖስታ ይዛ መጣች። የዲቪ ደብዳቤ ያኔ ከዚያ ነበር የሚላከው፤ ይህን ደግሞ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ሴትዮዋ ደብዳቤውን ለባለቤቱ ከመስጠቷ በፊት እልልታዋን አቀለጠችው። አስተማሪው ፖስታውን ሳይከፍት ወሬው ጉለሌ ገብቷል።

ዲቪ ደረሰው ማለት ግን ሄደ ማለት አይደለም። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲወጣ በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ ነው የፈቀደው፤ ያኔ ደብዳቤው የሚላክለት ሰው ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረስህን ወይም የሚፈለገው ዓይነት የሥራ ልምድ እንዳለህ ታሳያለህ፣ ሕክምና ትመረመራለህ፣ ኢንተርቪው ትገባለህ። ይህ ሁሉ በፈረንጆቹ መስከረም 30 ካላለቀ ዕድሉ እዚያው ይሞታል። በዚህ መሀል «ትኬቱን እኛ እንችላለን፣ ልጃችንን በሚስትነት አስመዝግብልን» የሚሉ ሰዎች መጡ። እናቱ ቡና እንኳ ሳያፈሉ ሸኟቸው።

የከበደው ሌላ ነገር ነው። ቅጹ ግሪን ካርዱ የሚላክበት የአሜሪካ አድራሻ ይጠይቃል። ሰፈሩን ብትሰሙት አሜሪካ ሰው የሌለው የለም። የአንዱ እህት ዳላስ፣ የአንዱ አጎት ሲያትል። አድራሻ ስጡን ሲባል ግን ስልኩ ጠፍቷል፣ ሰውየው ቤት ቀይሯል፣ «እሱ እንኳ ራሱ ሰው ጋ ነው ያለው» ይመጣል። አልፈርድባቸውም። አድራሻ መስጠት ሰውየውን መቀበል መሆኑን ያውቃሉ።

በመጨረሻ እናቱ አንድ ኪሎ ቡና ይዘው አንዲት የድሮ ጎረቤታቸው ዘንድ ሄዱ። የሴትዮዋ ልጅ በደርግ ጊዜ በመተማ አድርጎ ገዳሪፍ የገባ፣ ከዚያ አሜሪካ የተሻገረ ነው። «ታክሲ ነው የሚነዳው፤ ቤቴ ጠባብ ነው ይላል። ግን እምቢ አይልሽም» አሉ አሮጊቷ። እውነትም እምቢ አላለም። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የመንገዱ ስም፣ የአፓርታማው ቁጥር። አስተማሪው እንደ ኒውተን ሕግ ሸመደደው።

የካቲት 1998 ዓ.ም. ደላስ አረፈ፤ የቴክሳሱ ዳላስ ሳይሆን የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ። እጁ ላይ ኤምባሲው አሽጎ የሰጠው፣ እንዳትከፍተው የተባለ ፖስታ፤ ብብቱ ውስጥ የሳንባው ራጅ። ደላስ ላይ መንገደኛውን ከአውሮፕላን ወደ አዳራሹ የሚያመላልስ ግዙፍ ባለጎማ ክፍል አለ። እሱ ውስጥ ቆሞ አድራሻውን በልቡ ይደግመዋል። የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ የት እንደሚያርፍ ሲጠይቀው ሳይተነፍስ አወረደለት። ውጭ ባለታክሲው ቆሟል፤ በአንድ እጁ አሮጌ ካፖርት ይዟል። ሰላም ሳይለው በፊት ካፖርቱን አለበሰው።

አሜሪካ ሄደ እንላለን። በመጀመሪያው ዓመት አሜሪካ የሚሄድ የለም፤ የሚሄደው ሰው ቤት ነው። ባለታክሲው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 የስደተኞች ሕግ ካወጣች በኋላ ከሱዳን ከመጡት አንዱ ነው። እሱን የተቀበለው ዘመድ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ድርጅት ነበር። አንድ መጥበሻ፣ አንድ አልጋ፣ ቁልፍ ሰጥተውት ሄዱ። ማማ ደስታ የሚባል የሐበሻ ምግብ ቤት ዲሲ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ እንዳለ እስኪሰማ ድረስ በአማርኛ ያነጋገረው ሰው አልነበረም። «እኔን ወረቀት ነው የተቀበለኝ» ይላል። ለዚህ ነው ሶፋው ባዶ የማያድረው።

ስለዚህ ሶፋ ላውራ፤ እዚህ ላይ አልቸኩልም። ሳሎኑ ውስጥ ነው ያለው፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት። የባለታክሲው ሚስት ነርሲንግ ሆም ሌሊት ትሠራለች። ጠዋት ስትገባ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲ ነው የምታልፈው። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ትንሹ ልጅ ካርቱን ማየት አለበት። እንግዳው ተኝቷል። ልጁ ታዲያ ምን ያደርጋል? ከእንግዳው እግር ሥር ባለችው ክፍተት ቂጡን ያሳርፍና ድምፁን አጥፍቶ ያያል። አስተማሪው ነቅቷል፤ ልጁ እንዳይሳቀቅ ዓይኑን ጨፍኖ ካርቱኑ እስኪያልቅ ይተኛል። ሁለቱም እንዲህ ይተዛዘናሉ።

ሁሉም ሶፋ እንዲህ ነው አልልም። እንግዳዋን ያለደመወዝ ሞግዚት ያደረገ ቤት አለ። የቤቱን ስልክ ሲያወራበት ከርሞ ቢሉን ለባለቤቱ ጥሎ የሄደ እንግዳም አለ። ሁለቱንም ሰምቻለሁ፤ ስም ግን አልጠራም።

ሶሻሉ፣ ማለት የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ፣ በፖስታ በዚያው አድራሻ መጣ፤ ያለ እሱ ደህና ሥራ አይታሰብም። በማግስቱ ባለታክሲው ወደ ኬ ጎዳና ይዞት ወረደ። ዲሲ መሀል ከተማ ያለውን የፓርኪንግ ሥራ ከያዙት ብዙዎቹ የእኛ ልጆች ናቸው፤ ማናጀሩም የሐረር ልጅ ነው። «መንዳት ትችላለህ?» አለው። አይችልም። «ግዴለም፣ ሒሳብ መቀበያው ቡዝ ትገባለህ።» በሰዓት 7 ዶላር፣ በዚያ ዓመት የዲሲ ዝቅተኛው ደመወዝ። አዲስ ገቢ ሁሉ የሚያመውን በሽታ እሱም ታመመ፤ ሁሉን ነገር ወደ ብር መመንዘር። አንድ ዶላር 8 ብር ከምናምን ነበር። የሰዓቱ ደመወዝ ሲመነዘር ደስ ይላል። የአውቶቡሱ አንድ ዶላር ከሩብ ሲመነዘር ግን በእግር ያስኬዳል።

ጋራዡ ከምድር በታች ነው። ቦታ ስለማይበቃ መኪኖቹ አንዱ በአንዱ ኋላ ተደርድረው ይቆማሉ፤ የፊተኛው ሳይነሣ የኋለኛው አይወጣም። ትኬቱ ይቀደድና አንዱ ቁራጭ ለባለመኪናው፣ አንዱ ከቁልፉ ጋር ይቀራል። ጥበቡ ያለው ማን በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ማወቁ ላይ ነው። ያ ጠበቃ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በፊት አይወጣም፤ ከውስጥ ቅበረው። ያቺ ሴትዮ ልጇን ከትምህርት ቤት ታወጣለች፤ በሩ ላይ አቁማት። አንድ ጎንደሬ ሽማግሌ ይህን ሁሉ ያለ ወረቀት በቃሉ ይዞታል። አስተማሪው ቡዙ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያየው ዋለና በሳምንቱ የመውጫ ሰዓቶቹን በደብተሩ ሠንጠረዥ ሠራላቸው። ሽማግሌው አየት አድርጎ «ሐሙስን ረስተሃል፤ ሐሙስ ጠበቃው ቀድሞ ይወጣል» አለው።

ፊዚክሱ ባከነ የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። እኔን የሚቆጨኝ ግን ገና በደረሰ በሳምንቱ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደውሎ «ምነው ዝም አልክ?» መባሉ ነው። የሚላክ ገንዘብ ሳይኖረው በፊት የሚጠብቁት ሰዎች ነበሩት።

ከሶፋ መቼ እንደሚነሡ የሚነግር የለም። ባለቤቶቹ አይሉህም፤ ራስህ ማወቅ አለብህ። አፓርታማ ለመከራየት ደግሞ ክሬዲት ይጠየቃል፣ እሱ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። አስተማሪው ከሐበሻ ግሮሰሪ ግድግዳ ላይ «የሚከራይ ክፍል» ከሚሉት ማስታወቂያዎች አንዱን ቀድዶ ቤዝመንት አገኘ። በሚወጣበት ቀን ፖስታ ውስጥ ገንዘብ ከትቶ ማብሰያ ቤት መደርደሪያው ላይ ተወላቸው። ማታውኑ የቤቱ እመቤት ደወለች።

«ሆቴል አደረግኸን እንዴ?»

«እትዬ፣ ለመብራት እንኳ...»

«መብራቱን አንተ ነህ ያበራኸው? ና ውሰድ! ውለታ መመለስ ከፈለግህ ይቺ ልጅ በሂሳብ ወድቃለች።»

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ትልቋን ልጅ ያስጠናል። የሚሄደው ግን ለእሷ ብቻ አይደለም። ቤዝመንቱ ተቀየረ፣ ሁለተኛውም ተቀየረ፣ የፖስታ አድራሻው ግን አልተቀየረም። የባንኩ፣ የታክሱ፣ የመንጃ ፈቃዱ ደብዳቤ ሁሉ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚመጣው። እመቤቲቱ በላስቲክ አስራ ማቀዝቀዣው ላይ ታስቀምጥለታለች።

አንድ እሑድ ሲገባ ሶፋው ላይ አንድ ልጅ ተቀምጧል፤ ከደሴ በዚያው ሳምንት የመጣ። ያንኑ አሮጌ ካፖርት ቤት ውስጥም ለብሶታል።

«ሶሻል መጣልህ?» አለው አስተማሪው።

«ገና ነው ጋሼ።»

«መንዳት ትችላለህ?»

«ደሴ ሚኒባስ ነድቻለሁ።»

«እንግዲያው ከእኔ ትሻላለህ። ሶሻሉ ሲመጣ ደውልልኝ፣ ማናጀሩን አናግረዋለሁ። ሐሙስ ግን ጠበቃውን ከውስጥ እንዳታስገባው።»